ጆሮ ያለባቸው ቃላት

…አንቺ ከወፍጮው ማዶ ቆመሽ፣ ከንፈርሽ በገብስ ዱቄት ነጥቶ፣ አንድ ነገር ስትይኝ። ምን ነበር ያልሽኝ? በዳባቱ ወፍጮ ቤት ሞተሩ ከተነሣ ሰው ከሰው አይሰማማም ነበር። እማዬ እህል ትቀበላለች፣ እኛ የከረጢት አፍ እንይዛለን፣ የምናወራው በከንፈር ብቻ ነው። ስድቡንም፣ ቀልዱንም፣ ‹ራበኝ›ንም። ያን ቀን ያልሽኝን ግን እስካሁን አልጨረስሁትም። ግማሹ አለ፤ ግማሹ ዱቄቱ ውስጥ ቀርቷል። ብዕር ሳነሣ ቀድሞ የመጣብኝ እሱ ነው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳላስቀድም።

እንግዲህ ወደ ወጉ ልመለስ። እታለም እሌኒ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተወሽ ወይ? ደረጃ መውጣት መውረዱ አልጠናብሽም? እዚያ ባሕሬን ወበቁ ጀምሯል ይላሉ፤ እንቅልፍሽስ? የምትጠብቂያቸው አሮጊት አሁንም ሌሊት እየተነሡ ይጣራሉ? እኛ፣ ምስጋና ለመድኃኔዓለም፣ አለን። እማዬ ጉልበቷን እያማረረች ቤተ ክርስቲያን ከመሄድ ግን አልቦዘነችም። ሚስቴ አገርነሽ ደህና ናት፤ ልጃችን ትሕትናም ጥርሷን ነቅላ ጣራ ላይ ወርውራለች። እኔም አለሁ። አለሁ ማለት ይህ ከሆነ።

ደብዳቤ ስታዪ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። በዚህ ዘመን በእጁ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ወይ ታስሯል ወይ አብዷል ትያለሽ። አልታሰርሁም። ይህን የምታደርስልሽ ጤናዬ ናት፤ ፈቃድ ተሰጥቷት ፋሲካን ከናቷ ጋር ልትውል የመጣችው፣ እዚያ ያንቺ ጎረቤት የሆነችው። ነገ ማለዳ በጎንደሩ ሚኒባስ ትወርዳለች። በስልክ ጽፌ ብልክልሽ ወዲያው ትደውያለሽ፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነሽ፤ ፊደል ያደክምሻል፣ ድምፅ ይቀናሻል። ብትደውዪ ደግሞ… ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ቀስ ብዬ ልምጣበት።

ባለፈው ሳምንት ጤናዬ ልትጠይቀን መጣች። ከእማዬ ጋር ተሳስመው ተላቅሰው ሲያበቁ እኔን ወደ ግቢው ጥግ ወሰደችኝና ፊቷን ወደ ፊቴ አዙራ፣ ለዚህ እግዜር ይስጣት፣ እሷ ስታወራ የሰው ዓይን ነው የምታየው፣ ‹አያ ሰማኸኝ፣ ከእሌኒ ጋር ምን አጣላህ?› አለችኝ። ምን አደረግኋት ብላት፣ ‹ሁለት ዓመት ልጨምርና ልፈርም ወይስ ልምጣ ብላ ጠይቃህ፣ ደግ ነው በርቺ ብለህ ጻፍህላት አሉ። ስንት ቀን እህል አልቀመሰችም መሰለህ! ነይ በላት፣ ቅሪ በላት። በርቺ ምን የሚሉት ነው? ኳስ ተጫዋች ናት?› አለችኝ።

እታለም፣ እኔ ጥያቄውን አልሰማሁትም።

በሁዳዴ በድምፅ የላክሽልኝን፣ ረጅሙን መልእክት ማለቴ ነው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ከፈትሁት። ድምፅሽ መጣ። አንቺነትሽ መጣ። ቃሉ ግን አልመጣም። ሊማሊሞ ላይ ጉም ሲወርድ መኪናው እንደማይታይ፣ መብራቱ ብቻ እንደሚታይ ነው፤ ሰው እየመጣ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ማን እንደሆነና ወዴት እንደሚዞር አታውቂም። ደግሜ ከፈትሁት። በሌላው ጆሮዬ ሞከርሁት። ከጆሮዬ ጀርባ አጥንቱ ላይ አስደግፌ ሞከርሁት። ድምፅሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ መጨረሻው ላይ ሳቅሽ መሰለኝ። ስለዚህ ደህና ነሽ ብዬ፣ የምሥራችም ይሆናል ብዬ፣ ደግ ነው በርቺ አልሁሽ። ጤናዬ እንደምትለው ግን ያ ሳቅ አልነበረም። እያለቀስሽ ነበር አሉ።

መቼ እንደጀመረኝ ባውቅ እነግርሽ ነበር። በመጀመሪያ የሄዱት ወፎቹ ናቸው። አንድ ጧት ባሕር ዛፉ ዝም ብሏል አልሁ፤ ወፎቹ ተሰደው ነው ብዬ ተውሁት። ቀጥሎ የትሕትና ሹክሹክታ ሄደ። ቀጥሎ ቀጫጭኖቹ ፊደሎች፣ ‹ስ›፣ ‹ፍ›፣ ‹ት›። አሁን ሰው ሲያናግረኝ ወፍራም ወፍራሙን ነው የምሰማው፤ ወንፊቱ ተገልብጦ እብቁን አስቀርቶ እህሉን እንዳሳለፈ። ዳባት ጤና ጣቢያ አንድ ልጅ እግር ሐኪም በመብራት አየኝና ‹ኩክ የለህም፤ ጆሮህ ከእኔ የጸዳ ነው› ብሎ ሳቀ። ለአገርነሽ መጽሐፍ ላመጣ ነው ብያት ጎንደር ወረድሁ። እዚያ ያየኝ ሐኪም ከከባድ ድምፅ አጠገብ ነበርህ ወይ አለኝ። ወፍጮውን ነገርሁት። ከዛሪማ በኩል እየመጣ መስኮታችንን ሲያንቀጠቅጥ የሰነበተውን የዚያን ክረምት የመድፍ ድምፅም ነገርሁት። ‹አጠገቡ ነበርህ?› አለኝ ደግሞ። ደባርቅ የነበረ ሰው ሁሉ አጠገቡ ነበር፤ ሌላው ይሰማል አይደል? ነርቩ ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብቅ አለኝ። በምን እንደምጠብቀው አልነገረኝም። የመስሚያ መሣሪያ እንዳለ፣ ብዙ ሰው እንደሚጠብቀው ነግሮኝ ስሜን ጻፈ። ‹ተራህ ሲደርስ ትጠራለህ› አለኝ። ትጠራለህ ሲል ራሱም ደንግጦ ከንፈሩን ነከሰ።

እንዴት ደበቅኸው ትይኝ ይሆናል። የሰው ከንፈር ማንበብ ከሕፃንነቴ የማውቀው ሥራ ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ፊት ለፊቴ ለቆመ ሰው እሰማለሁ። ጀርባውን የሰጠኝ፣ በእጁ አፉን የሸፈነ፣ እያኘከ የሚያወራ፣ ከጨለማ የሚጣራ፣ ከባሕር ማዶ የሚልክ፣ እነዚህ ሁሉ ከእኔ ተለይተዋል።

የሚገርምሽ፣ ከዚህ ሁሉ መሀል ዘወትር በዓይኔ የሚዞረው የሦስት ፊደል ነገር ነው። አስተማሪ ነህና ይለይብህ በይኝ። አንቺ እንግሊዝኛውን በጆሮሽ ተማርሽው፤ ከማዳምሽ፣ ከገበያው፣ ከዚያ ከምታሳድጊው ልጅ። እኔ በዓይኔ፣ ከጥቁር ሰሌዳ። ለዚህ ነው አንቺ ስትናገሪው የሚያምርብሽ፣ እኔ ስጽፈው የማልሳሳተው። ሦስቱ ፊደሎች ‹ኢ›፣ ‹ኤ›፣ ‹አር› ናቸው። ተያይዘው ሲቆሙ ‹ኢር› ይባላሉ፤ ጆሮ ማለት ነው። ከፊታቸው ‹ኤች› ብታቆሚ ‹ሂር› ይሆናል፣ መስማት። ‹ኤፍ› ብታቆሚ ‹ፊር›፣ ፍርሃት። ‹ኤን› ብታቆሚ ‹ኒር›፣ ቅርብ። ‹ዋይ› ብታቆሚ ‹ይር›፣ ዓመት። ‹ዲ› ብታቆሚ ‹ዲር›፣ ውድ፤ የሚወደደውም፣ ዋጋው የማይቀመሰውም፤ እነሱም እንደኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ነው የሚሉት። ከኋላቸው ‹ቲ› እና ‹ኤች› ብታስከትዪ ‹ኧርዝ› ነው፣ መሬት። ከፊት ‹ኤች› ከኋላ ‹ቲ› ሆነው መሀል ሲያስገቧቸው ‹ሃርት› ይሆናል፣ ልብ።

ይህን የመጨረሻውን ታስታውሽዋለሽ። አምና ያ ልጅ ደብተሩን ሲያሳይሽ አይተሽ ደወልሽልኝ፤ ያኔ ትንሽ ትንሽ እሰማሽ ነበር። ‹ሰማኸኝ፣ የፈረንጅ ልብ ጆሮ አለው እንዴ?› ብለሽ ሳቅሽ። እማዬ ከጎኔ ሆና፣ ‹የኛም አለው፣ ስለማይሰማበት ነው› አለች። በኛ ፊደል እንኳ ልብ የተቀመጠው ‹ልብስ› ውስጥ ነው አልኋችሁ። እማዬ፣ ‹እንግዲያማ የሸማኔው ልብ ነው ትልቁ› አለች። ሦስታችንም ሳቅን። ያ ስልክ ቃልሽን የሰማሁበት የመጨረሻው እንደሆነ አላወቅሁም። ሰው መጨረሻውን ቢያውቅ ኖሮ ምን ያደርጋል? ጮክ ብሎ ይስቅ ይሆናል።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢ፤ ለማንም ያልነገርሁት ይህ ነው። ክፍል ውስጥ ልጆቼ በየተራ ተነሥተው ቃላቱን ሲያነቡልኝ ፊተኛዋ ፊደል አትደርሰኝም። ‹ፊር› ሲሉኝ ‹ኢር›። ‹ሂር› ሲሉኝ ‹ኢር›። ‹ኒር›፣ ‹ዲር›፣ ‹ይር›፣ ሁሉም ‹ኢር›። ፍርሃቱም፣ ቅርቡም፣ ውዱም፣ ዓመቱም ፊቱ ተገፎ ጆሮ ብቻ ሆኖ ይመጣል። አንድ ቃል ደግሞ አለ፣ ‹ቲ› ከፊት የቆመበት፤ ‹ቲር› ብለሽ ካነበብሽው እንባ ነው፣ ‹ቴር› ብለሽ ካነበብሽው መቅደድ። ፊደሉ አንድ፣ መልኩ አንድ። የሚለየው ጆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእኔ አሁን አይለይም።

ዘንድሮ ለሰባተኛ ክፍል ይህን ትምህርት ያበዛሁት በዓይን ስለሚሠራ ነው። ሦስቱን ፊደል ሰሌዳው መሀል እጽፋለሁ፤ ልጆቹ እየመጡ ከፊትና ከኋላ ይቀጥሉባቸዋል፤ እኔ እያየሁ አርማለሁ። ወደውት ነበር። አንድ ቀን ሁለት ጆሮ ያለባቸው ቃላት የሚገኙበት ዓረፍተ ነገር ሥሩ አልኋቸው። አንዲት ልጅ ‹ጆሮ ዳባ ልበስ› የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ልመልስ ብላ ‹ኢር፣ ዌር ዳባት› ብላ ጻፈች። ‹ዌር› መልበስ ነው፤ እሱስ ልክ ነው፤ ጆሮም አለበት። ዳባን ግን ከየት ታውቀው፤ የቆዳ ካባ ዛሬ ማን ይለብሳል፤ የምታውቀው ዳባትን ነው። ‹ጆሮ ሆይ፣ ዳባትን ልበስ!› ክፍሉ በሳቅ ሲወድቅ አየሁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ዳባ ምን እንደሆነም አስረዳኋቸው። ቤት ስገባ ግን የተሳሳተችው እሷ አልመሰለችኝም። ያ ሞተር፣ ያ ጠባብ ቤት፣ ያ ሁሉ የልጅነታችን ክረምትና በጋ። ጆሮዬ ዳባትን ለብሶ ነው የኖረው።

ከፋሲካ በኋላ ሱፐርቫይዘር መጣብን፣ አዲስ የተመደበ። ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ጢሙ እስከ ደረቱ ነው፤ ጢም በእንግሊዝኛ ‹ቢርድ› ነው፤ እሱም ውስጥ ጆሮ አለ፤ ለእኔ ግን ጢም ማለት የከንፈር መጋረጃ ነው። ያን ቀን ያስተማርሁት ‹ቤር›ን ነው፣ ‹ቢ› ከፊት የቆመበትን። ሁለት ፍች አለው፤ አንዱ ድብ የሚሉት እኛ አገር የሌለ አውሬ፣ ሌላው መሸከም፣ መቻል። ‹እናት ብዙ ትሸከማለች› የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፍሁና ዝናቡ የሚባለውን ልጅ አስነሣሁት። ዝናቡ የክፍሉ ቀልደኛ ነው፤ በጓሮ ‹መምህር አልሰማኝም› የሚለኝም እሱ ነው፤ ከንፈሩን አንብቤበታለሁ። ደብተሩን አፉ ላይ ደግኖ አነበበ። ‹ቤር› ማለቱን ትቶ ቢራ አድርጎት ኖሯል፣ አውቆ ይሁን ሳያውቅ እንጃለት። ‹ጎበዝ! በጣም ጎበዝ! ቁጭ በል› አልሁት።

ልጆቹ ሲንፈራፈሩ አያለሁ። ሱፐርቫይዘሩ ጢሙ ተንቀሳቀሰ። ‹መምህር፣ ልጁ እናቱን ቢራ ሲያጠጣት ዝም አሉት እኮ› ብሎኝ ኖሯል፤ ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። ያመሰገነኝ መሰለኝ። ቀና ብዬ፣ ‹አዎ፣ ቤትም ይለማመዳሉ፤ ወላጆችም በጣም ይተባበራሉ› አልሁት።

እስኪ አንቺም ሳቂ፤ ይሳቃል። ክፍሉም መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታ ይታያል፣ እታለም። ልጆች ሲያዝኑልሽ አንገታቸውን ደብተራቸው ውስጥ ይቀብራሉ። ዝናቡ እንኳ ቀበረ።

ከሰዓት በኋላ ርእሰ መምህራችን ውዱ ወደ ቢሮው አስጠራኝ። ታውቂዋለሽ፣ ዳባት አብሮኝ የተማረው፣ አንቺ ‹ያ አፈ ጮሌ› የምትይው ነው። የተባለውን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው። ‹ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ ያንተ መልአክ ግን ቀልደኛ ነው፣ ሰማኸኝ› አለኝ። አፉን ከፈት አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ መልሶ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ ነበር የሚናገረው። እንዲህ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የተገለጠልኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ሌሎቹስ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ እኔ እደብቃለሁ ስል እነሱ የደበቅሁትን ሲደብቁልኝ ኖረዋል መሰለኝ። ውዱ እጁን ጉልበቴ ላይ አድርጎ፣ ‹እስከ ሰኔ አስብበት። ወደ ቤተ መጻሕፍት አዛውሩኝ ብለህ ራስህ ጠይቅ፤ ራስህ ብትጠይቅ ያምርብሃል፤ እኔ እንድጽፍብህ አታድርገኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ጸጥ ያለ…› ብሎ ሳይጨርሰው ዓይኑን ሰበረ። እኔም እስኪጨርሰው ሳልጠብቅ ወጣሁ።

ለአገርነሽ አልነገርኋትም። ‹ምን ሆነህ ነው ዝም የምትለኝ?› ትለኛለች፤ ደክሞኝ ነው እላታለሁ፤ እውነትም ደክሞኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ማየት እንጨት ከመፍለጥ ይብሳል። ማታ ዓይኔን ስጨፍን ነው ሥራ የሚያበቃው። ለእማዬማ ጭራሽ አይሞከርም። ከአንቺ ቀጥለው የመጡትን ሁለቱን ቀብራ እኔን ስትወልድ ሰማኸኝ ያለችው እግዜርን ነው። ደንቁሬያለሁ ብላት ስሜን መልሼ የምወስድባት፣ ያን የድሮ ጸሎቷን የማፈርስባት ይመስለኛል። ሞኝነት ነው፤ አውቃለሁ። ሞኝነት መሆኑን ማወቅ ግን አፍ አያስከፍትም።

እንግዲህ ያንቺ ጥያቄ። ማዳምሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ መልስ ትፈልጋለች ብላኛለች ጤናዬ። ከነገረችኝ ጀምሮ ሁለት መልስ አለኝ። የመጀመሪያው ቶሎ መጣ፤ ትፈርም፣ ትቆይ የሚል። እኔ ከክፍል ወጥቼ መደርደሪያ አቧራ ላራግፍ ነው፤ ነገ ደግሞ ከዚያም አያስፈልግም ብባልስ? አንቺ እዚያ ብትኖሪ ይህ ቤት አንድ ምሰሶ ይኖረዋል። እንዲያውም ጭራሽ መልስ አለመስጠት እችል ነበር። አልሰማሁማ! ደንቆሮ ምክንያት አያጣም። በርቺ ያልሁት በርቺ ሆኖ ይቀራል፤ አንቺም ትፈርሚያለሽ፤ እኔም ጥፋት የለብኝም። ከጤናዬ ጋር ከተነጋገርን ወዲህ ይህን አሳብ እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ ሳገላብጠው ሰነበትሁ። አልጣልሁትም ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ።

ሁለተኛው መልስ የመጣው አሁን ነው፣ እየጻፍሁ። ሰው ሲጽፍ የራሱን ድምፅ ይሰማል፤ ይህ ገና አልሄደብኝም። መቅረት የምትፈልግ ሴት ‹ልምጣ ወይ?› ብላ አትጠይቅም። ‹እቆያለሁ› ብላ ትናገራለች፣ አለቀ። አንቺ የጠየቅሽው ነይ የሚልሽ ሰው ፈልገሽ ነው።

ነይ።

አትፈርሚ፤ ነይ። ልትረጂን አይደለም። እኔን ልታስታምሚም አይደለም፤ ጆሮ አይታመምም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል። የምትመጪበት አገር እንዳማረ አድርጌም አልጽፍልሽም። ኑሮው ከብዷል፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይታጠራል፤ ተራራውን ሊያዩ ወደ ጊች የሚወጡት የውጭ እንግዶች ስለቀሩ በቅሎ የሚያከራዩት ሁሉ ሥራ ፈት ናቸው፤ ያ ወፍጮ ቤት ተሽጦ አሁን በመብራት ነው የሚፈጭ፤ ድምፁ ቀንሷል ይላሉ፤ እኔ ምስክር ልሆን አልችልም። ምን ትሠሪያለሽ ብትይኝ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነው። ከድምፅሽ ጥቂት ቀርቶኛል፤ ወፍራም ወፍራሙ። እሱም ሳይሄድ እዚህ፣ ፊት ለፊቴ፣ በቀን ብርሃን ተቀመጪና ያን በሁዳዴ ያልሽኝን እንደገና በይልኝ። ይህን ለራሴ ብዬ ነው የምጠይቅሽ፣ አልደብቅም። ያንቺ ነይ የኔም ነይ ሆኗል፤ መለየት አቅቶኛል።

ከእንግዲህ በድምፅ አትላኪልኝ። አትደውዪ፤ ብትደውዪ አነሣዋለሁ፣ ካነሣሁት ደግሞ የሰማ መስሎ ማውራት ልማድ ሆኖብኛል፣ እፈራዋለሁ። በፊደል ጻፊልኝ። ብታጎድዪም፣ ብታጣምሚም ግድ የለም፤ እኔ እርማት ማረም ነው ሥራዬ፣ ቢያንስ እስከ ሰኔ። ለእማዬና ለአገርነሽ ግን ለጊዜው አንዳች እንዳትነግሪ። እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ገና አላወቅሁም፤ ብቻ እኔ ልንገራቸው።

እማዬ ወለተ ጊዮርጊስ አሁን ሰንበቴ ላይ ናት፤ ስትወጣ እጽፋለሁ ስላት ‹ዓይኗን ሳምልኝ፣ ጸጉሯን እንዳትቆረጥ በላት› ብላለች። አገርነሽ በጤናዬ እጅ በርበሬና ሽሮ ልካልሻለች፤ ‹ማዳሟ ካስነጠሳት የኔ እጅ ነው› በላት ብላ ስቃለች። ትሕትና ሰላም ትልሻለች፤ የጥርሷን ክፍተት ስትመጪ እንድታዪላት፣ እስከዚያ ሌላ እንዳይበቅል ትፈልጋለች። ለምትጠብቂያቸው አሮጊት እግዜር ሌሊቱን የሚያሳልፍ እንቅልፍ ይስጣቸው። ልብ ውስጥ ጆሮ ላሳየሽ ለዚያ ልጅ መምህር ሰማኸኝ አክብሮት አለው በይው። ለፊሊፒናዪቱ ጓደኛሽ፣ ትኩሳት ሲይዝሽ አጠገብሽ ላደረችው፣ ምን ብዬ እንደማመሰግናት በቋንቋዋ አላውቅም፤ በምታውቂው በይልኝ። ለማዳምሽም ሰላምታ፤ ቅር እንዳይላቸው ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው።

ወንድምሽ ሰማኸኝ
ደባርቅ፣ እሑድ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀኑን ጽፌ ወረቀቱን ላጥፈው ስል ነው ይህን የምጨምረው። ብርሃን ለማግኘት ፊቴን ለመስኮቱ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነበር የተቀመጥሁት። አሁን የወረቀቱ ጠርዝ ከበሩ በመጣ ነፋስ ተነሣ። ቀና ስል የመስኮቱ መስታወት ላይ ከትከሻዬ ኋላ ነጠላ የመሰለ ነጭ ነገር አለ፤ የእማዬ ይሁን የአገርነሽ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደነበረም አላውቅም። ዞርሁ። ጠረጴዛው ከክንዴ ሥር አንዴ ተንቀጠቀጠ፤ በሩ ተዘጋ።